‹‹ወተት በጉንጬ›› የት ገባች?

(ከዚህ በታች ያለው ባለፈው ወር አንድ የአዲስ አበባ የንባብ ክበብ በጠራው የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች እዚህም እዚያም ጥቂት ቃላት ከማቃናት በቀር ብዙ አልነካሁትም።)



አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። አዘጋጆቹ ደውለው ‹‹ስለ አገራችን ዘርና ስለ ገበሬው ማሳ ትናገርልናለህ ወይ?›› ሲሉኝ እሺ ያልኩት ባለሙያ ሆኜ አይደለም። የእኔ ዲፕሎማ የጋዜጠኝነት ነው። የማንም ቅጥር አይደለሁም፤ ጽሑፌን ይዤ ከአንዱ ዝግጅት ክፍል ወደ ሌላው የምዞር ሰው ነኝ። ስለ እህል የማውቀውን ግማሹን ያገኘሁት ከማንበብና ሰው ከመጠየቅ ነው፤ ግማሹን ከአያቴ ማሳ ነው። ከመካከላችሁ የእርሻ ምሁር ካለ ስሳሳት ያርመኝ፤ አልቀየምም።

አሁን ጥያቄ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥንቅሽ መጦ የማያውቅ ሰው አለ? … እንደገመትኩት የለም። ብዙ የከተማ ሰው ጥንቅሽን የሸንኮራ አገዳ ታናሽ ወንድም ያደርገዋል። አይደለም። ጥንቅሽ ማሽላ ነው። ገበሬው ከማሽላ መካከል አገዳው የሚጣፍጠውን ለይቶ፣ ስም አውጥቶ፣ ዘሩን እየመረጠ ያቆየው ማሽላ ነው። እሺ፣ ‹‹ወተት በጉንጬ››ን የሚያውቅስ? … ሁለት ሰው። ሁለቱም ፀጉራቸው ሸብቷል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው።

ወተት በጉንጬም ማሽላ ናት። አገሯ ወሎ ነው። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ያደግኩት ከሐርቡ ወረድ ብሎ ባለው ቆላ፣ አያቴ ቤት ነው። የአያቴ ማሳ ሦስት ጥማድ አይሞላም ነበር። ከመንገድ ሆኖ ለሚያየው አንድ ወጥ የማሽላ ጫካ ነው። ሲገቡበት ግን ሌላ ነው። ደጋሊት አለ፣ ጅጉርቴ አለ፣ ጨረቂት አለ። አንዱ ለእንጀራ ይሆናል፣ አንዱ ለጠላ ይመረጣል፣ አንዱ ንፍሮው ይወደዳል። አገዳው አጥር ይሆናል፣ ማገዶ ይሆናል፣ ቅጠሉ በበጋ ላሟን ያቆማታል። ከመሃል ከመሃል ደግሞ ጥንቅሽ ጣል ጣል ይደረጋል፤ እሱ ማማ ላይ ቆመን በወንጭፍ ወፍ ለምንጠብቅ ልጆች ደመወዛችን ነበር።

ወተት በጉንጬ የምትዘራው በጥቂቱ፣ ከቤቱ ቀረብ ባለው ዳር ነው። ለምን በጥቂቱ? ጎተራ አትሞላማ! ፍሬዋ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ሚዛን አይደፋም፣ ነቀዝም ይወዳታል። እሷ የምትበላው በእሸትነቷ ነው። ራሷ ተቆርጦ እሳት ላይ ይለበለባል፣ ከዚያ በመዳፍ ታሽቶ እፍ እፍ ይባልና ወደ አፍ ነው። ስሟን ያገኘችው እዚያ ላይ ነው፤ ገና ሳያላምጧት ጉንጭ ውስጥ ትፈስሳለች። አያቴ መጀመሪያ የደረሰውን የሚሰጡት ለእኛ አልነበረም። ጡት ለጣለ ሕፃን፣ ለአራስ፣ ጥርስ ላለቀበት ሽማግሌ ነው። እኛ ከዚያ የተረፈው ላይ እንራኮታለን።

ኅዳር ሲገባ፣ አጨዳው ሳይጀመር፣ አያቴ ነጠላቸውን አደግድገው ማሳውን ይዞሩታል። ቸኩለው አይቆርጡም። አንዱን ራስ ያዩና ይተዉታል፤ አሥር እርምጃ ሄደው ይመለሱበታል። ‹‹ይኼኛው ውኃ ጠምቶትም ፀንቷል››፣ ‹‹ይኼ ወፍ ያልደፈረው ነው›› እያሉ ለብቻ ይቆርጣሉ። የተመረጠው ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ነቀዝ ያርቅለታል። አባቶቹ ማረስና ማጨድ ይወቁ እንጂ የሚቀጥለው ዓመት ማሳ ምን እንደሚመስል የምትወስነው ያቺ ሴት ናት። ለዚህ ሥራዋ ደመወዝ የከፈላት የለም። ምስክር ወረቀትም የሰጣት የለም።

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ፤ ነገሩ ስለሚያያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ወደ 9 ሺህ የሚደርስ የማሽላ ዓይነት ከፈተሹ በኋላ ውጤቱን አሳተሙ። ይፈልጉ የነበረው ላይሲን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል ነው። ማሽላ ሆድ ይሞላል፤ ላይሲኑ ትንሽ በመሆኑ ግን ብቻውን ሕፃን አያፋፋም። ታዲያ ከዚያ ሁሉ መካከል ላይሲናቸው በጣም ከፍ ብሎ የተገኙት ሁለት ብቻ ሆኑ። ሁለቱም የኢትዮጵያ! አንደኛዋ አይ.ኤስ. 11167 ትባላለች፣ ሁለተኛዋ አይ.ኤስ. 11758። የወሎ ሰው ግን እነዚህን ማሽላዎች በቁጥር አያውቃቸውም፤ ‹‹ወተት በጉንጬ››፣ ‹‹ማርጩቄ›› ነው የሚላቸው። ላይሲን የሚባል ቃል ሰምተው የማያውቁ ሴቶች፣ ላብራቶሪ ያለው ዓለም የደረሰበትን ነገር ቀድመው ደርሰውበት፣ መጀመሪያ ለሕፃንና ለአራስ እየሰጡ ኖረዋል። እኔ ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 መጨረሻ አገራችን ገብቶ፣ ራስ ተፈሪን አነጋግሮ፣ እስከ 1927 ድረስ በበቅሎ እየዞረ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ጤፉን ለቀመ። ኢትዮጵያን በዓለም ላይ የእህል ዘር ከፈለቀባቸው ጥቂት ማዕከሎች መካከል የቆጠረ ሰው ነው። መጨረሻው አላማረም። የስታሊን መንግሥት አሰረው፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ሳራቶቭ ውስጥ በእስር ቤት እያለ ሞተ። በዚያው ዘመን ሌኒንግራድ በናዚ ጦር ተከባ ሕዝቡ እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ የሱ የዘር ተቋም ሠራተኞች ሩዙንና ኦቾሎኒውን፣ ያን ሁሉ የእህል ዘር እየጠበቁ፣ አንዲት ፍሬ ሳይነኩ ብዙዎቹ በርሃብ ሞቱ።

ይህን ታሪክ አንድ ቀን ለአያቴ አጫወትኳቸው። ትደነቃለች ብዬ ነበር። ምንም አልመሰላቸውም። ‹‹ታዲያ ዘር ይበላል እንዴ ልጄ?›› አሉ። ከዚያ የ77ቱን አወሩኝ። አንድ ጎረቤት ነበራቸው። ከብቱ አለቀ፣ ጎታው ተጠረገ፤ ቤተሰቡን ይዞ እርዳታ ይሰጣል ወደተባለበት ወደ መኪና መንገዱ ሊወጣ ተነሳ። ሲሄድ በእጁ አንድ ቅል ነበረች፤ በውስጧ የደጋሊት ዘር አለ። አፏን በጭቃ ደፍኗታል። ‹‹እመጣለሁ፤ ካልመጣሁም ዝሩት›› ብሎ ለአያቴ ሰጣቸው። አልመጣም። አያቴ ያን ክፉ ጊዜ ቅሏን አልከፈቱም። በ78 ዘሩት። እኔ በልጅነቴ እንጀራውን የበላሁት ደጋሊት የዚያ ሰውዬ ነው። ሌኒንግራድ ያሉት ሐውልት ይገባቸዋል፤ የሐርቡው ሰውዬ ግን ስሙን እንኳ ከአያቴ ሌላ የሚያስታውስ አልነበረም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ዘር 77ን አልፏል። ታዲያ ወተት በጉንጬ በምን ጠፋች? እዚህ ላይ የራሴ ጉድ አለ።

በ2006 ዓ.ም. ሥራ ፈት ነበርኩ። አንድ የልማት ፕሮጀክት (ስሙ ይቅር) ለመጽሔቱ ጽሑፍ እንድጽፍ ቀጠረኝ። ሥራዬ ‹‹ሞዴል ገበሬ›› እየተባለ የሚመረጠውን ሰው ፎቶ አንስቼ፣ ምርጥ ዘር ዘርቶ ቆርቆሮ ቤት ሠራ ብዬ መጻፍ ነው። ጻፍኩ። ከመጻፍም አልፌ አመንኩበት። አንድ ከረጢት አጭር፣ ፈጥኖ የሚደርስ የማሽላ ዘር ይዤ አያቴ ዘንድ ወረድኩ። ‹‹ይኼን ዝሪው፤ ያንን ዘመን ያለፈበትን ተዪው›› አልኳቸው። አያቴ ለልጅ ልጃቸው ክብር ሲሉ ግማሹን ማሳ ሰጡት። ሲበቅል አዩና ‹‹ይኼ እህል ነው ወይስ ሣር?›› አሉ። አገዳው እስከ ወገብ ነው፤ ለአጥር አይሆን፣ ለከብትም አይበቃ። ከሁሉ በፊት ስለሚደርስ የቀበሌው ወፍ ሁሉ ተጠራርቶ እሱ ላይ አረፈ። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሆኜ ‹‹የለውጥ ሐዋርያ›› የሚል ርእስ እያሳመርኩ ነበር። ድንቄም ሐዋርያ!

ይሁንና እውነቱን መናገር አለብኝ። በ2007 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሚያዝያ ላይ የሚዘራው፣ ስድስትና ሰባት ወር መሬት ላይ የሚቆየው የአያቴ ማሽላ በደረቅ አፈር ተዘርቶ ቡቃያው ተቃጠለ። ክረምቱም ዘግይቶ ገባ፣ ፈጥኖም ወጣ። በዚያ ዓመት ከዚያ ማሳ አንዳች ነገር የታጨደው እኔ ካመጣሁት ከአጭሩ ዘር ነው። ያ ከረጢት ባይኖር ቤቱ ራሱ በጭንቅ ነበር የሚወጣው። ስለዚህ ምርጥ ዘር የሰይጣን ሥራ ነው ለማለት አልመጣሁም። እንዲያ የሚል ሰው ሲገጥመኝ እጠረጥረዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ እሱ ራሱ ሱቅ ገዝቶ የሚበላ ነው።

ወተት በጉንጬ ግን የሄደችው በዚያ ዓመት ነው። የተዘራው ተቃጠለ። ከምድጃው በላይ ለመጠባበቂያ የቀረችው ሁለት ራስ ዓመት ስታልፍ ነቀዝ ዱቄት አደረጋት። ‹‹ታዲያ ከጎረቤት ለምን አልጠየቁም?›› አልኩ፤ ይህን የጠየቅሁት እንኳ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እሸት አምሮኝ ስወርድ ነው። ጠይቀዋል። በፊት ቢሆን የአንዱ ቤት ዘር ቢጠፋ ከሌላው ቤት ይገኛል፤ በብድር፣ በስጦታ፣ በገበያ ቀን አንድ እፍኝ ሰው ይዞ ይመጣል። አሁን ግን ጎረቤቶቹ ቀድመው ትተዋት ነበር። በመንደሩ የያዟት አያቴ ብቻ ሆነው ኖረዋል፤ እሳቸውም ይህን አላወቁም። ‹‹እሷማ ሄደች ልጄ›› ብለውኝ ወደ ማጀት ገቡ። እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ጎረቤቶቹ ለምን ተዉዋት? ይኼን ጥያቄ ይዤ ብዙ ሰው አድክሜያለሁ። አንዷ ሴት ‹‹ወፍ ማን ይጠብቅ?›› አለችኝ። ጣፋጭ ስለሆነች ወፍ ቀድሞ የሚወርደው እሷ ላይ ነው። ወፍ ጠባቂው ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው። እሰየው፣ ይማር! ግን የልጅ ጉልበት ከማሳው ሲወጣ አብሮት የወጣ ዘር እንዳለ ማንም አልቆጠረም። ሁለተኛው ምክንያት መሬት ነው። ሦስቱ ጥማድ ለልጆች ሲከፋፈል ለእሸት ተብሎ የሚተው ዳር አይኖርም። ሦስተኛው ዝናቡ ነው፤ ያልኩትን አልደግመውም።

ከዚህ ሌላ ግን ከላይ የሚመጣ ነገር አለ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በየገጠሩ የተሠራበትን የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ታስታውሳላችሁ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር፣ በመስመር፣ አንድ ዓይነት። ዛሬም ስሙ ‹‹ክላስተር›› ሆነ እንጂ አያያዙ ይመሳሰላል። ካድሬው የሚጠየቀው ኩንታል ነው። ቴሌቪዥኑ በየዓመቱ የሚያበስረን ሚሊዮን ኩንታል ነው። ወተት በጉንጬ በኩንታል ፈተና ትወድቃለች፤ ሕፃን ታሳድግ እንደሆነ የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ማሳ ውስጥ ስንት ዓይነት እህል አለ ብሎ የሚሞላ ቅጽስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ዓይነት ብቻ መዝራት ደግሞ ምን እንደሚያመጣ እዚሁ አገራችን አይተናል። ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ ነበር፤ ገበሬው ወዶት በሰፊው ዘራው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ መጣና መታው። ገበሬው ቢጫ ዋጉን ወደሚችለው ወደ ዲጋሉ ዞረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ባሌና አርሲ ላይ ሌላ ዋግ፣ የግንድ ዋግ መጣ፤ ዲጋሉን ለይቶ መታው። ማሳ ሙሉ ስንዴ ሊታጨድ ሲል ባዶ ገለባ ሆነ። ቅይጥ የሚዘራ ገበሬ ዋግ አይነካውም አልልም፤ ይነካዋል። ግን ሁሉም በአንድ ሌሊት አይሄድበትም። የትግራይ ገበሬ ገብስና ስንዴ አደባልቆ ሐንፈጽ ብሎ የሚዘራው ዘር ጠፍቶት አይደለም። ዝናብ ቢያጥር ገብሱ ይደርሳል፣ ዝናብ ቢበቃ ስንዴው ይጨመራል።

እኛስ? የከተማ ሰዎች ንጹሐን ነን? ወፍጮ ቤት ስትገቡ የምትጠይቁት ምንድን ነው? ማኛ! ሰርገኛ ጤፍ ‹‹የደሃ›› ተብሎ ስንት ዘመን ተናቀ። በኋላ ሐኪሙ ‹‹ቀይ ጤፍ ብሉ›› ሲለን ደግሞ ተሽቀዳደምን። ገበሬው ያየናል፤ የምንከፍልበትን ነው የሚዘራው። ማሽላ እንጀራ ለእንግዳ ማቅረብ የሚያፍር ከተማ፣ የማሽላ ዘር ጠፋ ብሎ ሊያለቅስ አይችልም።

የሆነው ሆኖ ‹‹መንግሥት ምንም አልሠራም›› ብዬ ብወጣ ዋሽቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን እርዳታ የተቋቋመ የዘር ማዕከል አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ስሙ ስንት ጊዜ ቢቀያየርም ዛሬም አለ። ዘሩ በደንብ ደርቆ፣ ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በ77ቱ ድርቅ ገበሬው ዘሩን ሊበላ ሲገደድ ማዕከሉ ሰው ልኮ ዘር ያስለቀመ ነው። ዶክተር መላኩ እ.ኤ.አ. በ1989 ‹‹አማራጭ ኖቤል›› የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት ዘር በማቀዝቀዣ ስላስቀመጡ ብቻ አይደለም። ዘሩ ወደ ገበሬው ማሳ ተመልሶ፣ ገበሬው ራሱ እየመረጠው እንዲኖር ስለሠሩ ነው። በሰሜን ሸዋና በወሎ ይህ ተሞክሯል።

ለምን ወደ ማሳ? ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ከገባበት ቀን ጀምሮ ምንም አይማርማ። አዲስ ዋግ ቢመጣ አያየውም፤ ዝናቡ ቢያጥር አያውቅም። አያቴ ‹‹ውኃ ጠምቶትም ፀንቷል›› ብለው የሚመርጡት ከዘንድሮው ዝናብ ነው። ደግሞ ወደ ማቀዝቀዣ ጨርሶ የማይገባም አለ። ቡና በፍሬው ለረጅም ዘመን አይቀመጥም፤ ጅማ አጠገብ ጮጬ ላይ መሬት ተሰጥቶት በዛፍነቱ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። እንሰትም በጓሮ ካልተተከለ የለም። ዘር ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታውም ሰው ይፈልጋል። ኮንሶን ያየ ይህ ይገባዋል። ድንጋይ በድንጋይ እየደረደሩ፣ ተራራውን ደረጃ አድርገው፣ ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ ኖረውበታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 መዘገበው፤ በ2023 ደግሞ የጌዴኦን። ደስ ይላል። ግን የኮንሶን እርከን ዩኔስኮ አይጠግነውም። ጎርፍ የጣለውን ካብ መልሶ የሚያቆም ጎልማሳ ሥራ ፍለጋ ከተማ ከገባ፣ ካቡ ወድቆ ይቀራል፤ አፈሩ ይሄዳል፤ በአፈሩ ላይ የነበረው ማሽላም አብሮ ይሄዳል።

በሕግ በኩልም አዋጅ አለን። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ መብት ይደነግጋል፤ ገበሬው ከዘሩ ከሚገኝ ጥቅም ድርሻ አለው ይላል። ወረቀቱ ያምራል። አዋጁ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍ ውል ተፈርሞ ነበር። ኩባንያው በ2007 በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው፤ በ2009 ከሰርኩ አለ። አገሪቱ ከዚያ ውል ያገኘችው ገንዘብ በድምሩ ስንት ነበር መሰላችሁ? 4 ሺህ ዩሮ! ስንት ሚሊዮን ጤፍ ገበሬ ነው ያለን? እናንተው አካፍሉት። ፓተንቱን እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ኔዘርላንድስ ውስጥ ውድቅ ያደረገው፤ ዱቄት አዘገጃጀቱ አዲስ ፈጠራ አይደለም ብሎ ነው። እንዴት ይሆናል? የኛ እናቶች ስንት ሺህ ዘመን ሲፈጩት!

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ‹‹አይ.ኤስ.›› የሚለው መለያ የዓለም አቀፉ የማሽላ ስብስብ ቁጥር ነው፤ ስብስቡ ዛሬ ያለው ሕንድ ውስጥ ነው። ጥሩ ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ተመራማሪ የትም ሆኖ ናሙና መጠየቅ ይችላል። ሐርቡ ያለችው አክስቴ ግን የእናቷን ዘር ማንን ትጠይቅ? በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው ቅጽ? እሷ የምትችለው ጎረቤት መጠየቅ ነው፤ ጎረቤቷ ደግሞ የላትም።

ስለዚህ የምለው ነገር ትንሽ ነው፤ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። በየቀበሌው፣ ቢበዛ በእግር ግማሽ ቀን በሚደረስበት ቦታ፣ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያዙበት የዘር ቤት ይኑር። ምሥራቅ ሸዋ ኤጀሬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ገበሬዎቹ ይዘዋል፤ ዘር ይበደራሉ፣ ሲያጭዱ ጨምረው ይመልሳሉ። ቤቱ ውስጥ ጎተራ የማይሞላው እህልም ይግባ፤ አንድ ሁለት ራስ ብትሆንም። ድርቅ በመጣበት ዓመት አጭሩን ዘር እንዝራ፣ ልጆቻችን ይብሉ፤ የቀረው ግን ለአንድ ዓመት መጥፎነት ብሎ ለዘላለም እንዳይሄድ የሚቀመጥበት እፍኝ ቦታ ይኑረው። አያቴ ያጡት ይህን ብቻ ነው። ሕንፃውም፣ አዋጁም፣ ሽልማቱም አዲስ አበባ ነበሩ፤ ሐርቡ ላይ ግን ከምድጃ በላይ ከተሰቀለች ከሁለት ራስ ሌላ መጠባበቂያ አልነበረም። ዘር መርጠው የሚያቆዩትን ሴቶችም ግብርና ጽሕፈት ቤቱ እንደ ሞዴል ገበሬው ስማቸውን ይመዝግብ፤ የሚከፈል ካለ ለእነሱም ይከፈል። ፎቶ ማንሳቱን እኔ በነፃ አነሳለሁ፤ ዕዳ አለብኝ።

አያቴ በ2012 ዓ.ም. አረፉ። በ2014 ጦርነቱ በሐርቡ ሲያልፍ የአክስቴ ጎታም ባዶ ቀረ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ካቻምና ኅዳር ላይ ግን ባቲ ሰኞ ገበያ ወጥቼ፣ ከአንዲት አሮጊት ፊት የተዘረጋ የተለያየ የማሽላ ራስ አየሁ። ከመካከሉ ሁለቱ ፍሬያቸው የተጨማደደ ነው። ልቤ ደነገጠ። ‹‹እናቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?›› አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ‹‹የከተማ ልጅ ምን ያደርግልሃል? የልጆች መብል ነው›› አሉ። ስሟን እኔ ቀድሜ ስጠራው ሳቁ፤ ዋጋ ሊጠሩልኝም አልወደዱም፤ ሁለቱን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

አክስቴ አምና ሚያዝያ ላይ ከቤቷ አጠገብ ዘራችው። ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ከትምህርት ቤት መልስ ወፍ ስትጠብቅ ከረመች። ግማሹን ወፍ በላው፣ ከቀረው ልጆቹ ጥቂት እሸት ቀመሱ። በመጨረሻ የተረፈው አሥራ አንድ ራስ ነው። አክስቴ አራቱን ለሁለት ጎረቤቶቿ ሁለት ሁለት አድርጋ ሰጠች፤ ይህን ማንም ሳይነግራት ነው ያደረገችው። ሰባቱ ከምድጃው በላይ ተሰቅለዋል። ከትናንት ወዲያ ደውዬ ነበር። ‹‹መሬቱ ተገልብጧል፤ ዝናቡ ነው የቀረው›› አለችኝ።

ጥያቄ ካለ እዚሁ ነኝ።